«ሹት!» ተብሎ ለምን ጥይት አልተተኮሰም? የፊልም እንግሊዝኛና ፈሊጦቹ

መርማሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያለው ሰውዬ እጁን አጣምሮ ያየዋል። መርማሪው «ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ» አለ። ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ሹት» ብሎ መለሰ።

ይህን ትዕይንት ያየሁ ጊዜ እንግሊዝኛዬ ገና ጥሬ ነበር። «ሹት» ተኩስ ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ሽጉጥ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ምንም የለም። መርማሪው ደብተሩን ገልጦ መጠየቅ ጀመረ፣ ሰውዬውም መመለስ። እኔ ግን እስከ ፊልሙ መጨረሻ «ማነው የሚተኮስበት?» እያልኩ ነው የቆየሁት። ለካ የተባለው «በል ጠይቅ» ብቻ ነው።

ይህ የብዙ ሰው ገጠመኝ ነው። ሰዋስው ተምሯል። ቃላት ሸምድዷል። ጽሑፍ ሲሰጡት አንብቦ ይረዳል። ፊልም ሲከፍት ግን እያንዳንዱን ቃል እያወቀው ነገሩ ያመልጠዋል። ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም። ፈሊጥ ነው።

ፈሊጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ፈሊጥ ቃላት ለየብቻቸው የሌላቸውን ትርጉም አንድ ላይ ሲሆኑ የሚይዙበት አነጋገር ነው። አንድ በአንድ ብትደምሯቸው ድምሩ አይመጣም።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። «አንጀቴን በላው» ስንል አንጀታችንን የነካው ሰው የለም። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» ስንል ጨው የታለ? «ልብ ገዛ» ስንልም ሻጭ የለም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ያ ዕቃ የት ደረሰ?» ብሎ ጠይቆ «ውሃ በላው» ሲባል ይታያችሁ። ውሃ እንዴት እንደሚበላ ሲያሰላስል ወሬው አልፎት ይሄዳል። እኛም «ሹት» ላይ የምንሆነው እንደዚያው ነው።

በቋንቋው ያደገ ሰው ፈሊጥን አይተረጉምም። ሙሉውን እንደ አንድ ቃል አንስቶ ይጠቀምበታል። ዴቪድ ስዊኒና አን ከትለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያሳያል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ተሳታፊዎቹ የታወቁ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ ከሆነ ተራ ሐረጎች ይልቅ ፈጥነው ለይተዋቸዋል። ፈሊጥ ለነሱ አቋራጭ መንገድ ነው ማለት ነው። የፊልም ጸሐፊም በአቋራጩ የሚሄደው ለዚህ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሰው እንዲያወሩለት ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ እንደ መማሪያ መጽሐፍ አያወራም።

ከሁሉም የሚያሳስቱት የትኞቹ ናቸው?

እንግዳ የሚመስሉት አይደሉም። ይህን ማመን ይከብዳል፤ ስንማር ያስጨነቁን በነሱ ነውና። «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የሚለውን ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ድመትና ውሻ ይዘንባል፣ ማለትም ዶፍ ወረደ። እስኪ ግን በስንት ፊልም ውስጥ ሰማችሁት? እኔ ዝናብ የመታው ገጸ ባሕርይ እንዲህ ሲል የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም።

እንግዳ ፈሊጥ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። አንዱ በሆስፒታል ኮሪደር ቆሞ ስለ አጎቱ «ሂ ኪክድ ዘ በኬት» አለ እንበል። ቃል በቃል «ባልዲውን በእግሩ መታ» ነው። አጠገቡ ባልዲ የለም። አጎቱም ባልዲ የሚመታ ሰው አልነበረም። ጆሮ ወዲያው ይነቃል፣ «ሞተ ማለቱ ይሆን?» ብሎ ይገምታል።

አደገኞቹ ቃል በቃልም ስሜት የሚሰጡት ናቸው። ጆሯችን ሳይጠራጠር ይቀበላቸዋል።

አንዲት ሴት ለሥራ ባልደረባዋ «አለቃችን ሊያሳብደኝ ነው» ትላታለች። ባልደረባዋ «ቴል ሚ አባውት ኢት» ትላለች። ቃል በቃል «ስለሱ ንገሪኝ» ነው። እንደዚያ ከተረዳነው ሴትየዋ ታሪኳን ትጀምራለች ብለን እንጠብቃለን። እሷ ግን አትጀምርም። ሁለቱም በረጅሙ ተንፍሰው ዝም ይላሉ። የተባለው «ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» ነውና። እኔም ያው ነኝ ማለቷ ነው።

«ዩ ካን ሴይ ዛት አጌን» ድገመው የሚል ትእዛዝ ይመስላል። ትርጉሙ «እውነትህን ነው» ነው። «ጌት አውት ኦፍ ሂር» በቁጣ ሲባል በእርግጥ ውጣ ነው። ዓይን ፈጥጦ፣ ፈገግ ተብሎ ሲባል ግን «አትለኝም!» ነው። «ሻት አፕ» እንኳ እንደዚያ ነው። ሥራ ያገኘች ልጅ ለጓደኛዋ ስታበስራት «ሻት አፕ!» ብትባል አፍሽን ዝጊ አልተባለችም። «ውይ! እውነትሽን ነው?» ተብላ ነው። «ኖክ ዩርሰልፍ አውት» ራስህን ዘርረህ ጣል ይመስላል፤ «እንደፈለግክ፣ ማን ከለከለህ» ነው። ከመድረክ የወረደውን ዘፋኝ አቅፎ «ዩ ኪልድ ኢት» የሚለው ሰውም ስለ ግድያ አያወራም። «አሪፍ ነበርክ፣ ቀወጥከው» ነው ያለው።

ታዲያ የተባለውን በምን እናውቃለን?

የኔ ዘዴ አንድ ናት። የተናገረውን ትታችሁ የሚመልሰውን እዩ።

ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። ጸሐፊው ቀጣዩን ንግግር የጻፈው ፈሊጡ እንደገባ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ መልሱ ትርጉሙን ይዞት ይመጣል። ከ«ሹት» በኋላ ጥያቄ ተጠየቀ፤ እንግዲያው «ሹት» ጠይቅ ነው። ከ«ቴል ሚ አባውት ኢት» በኋላ ማንም ምንም አልተረከም፤ እንግዲያው ተርኪልኝ አልተባለም። መዝገበ ቃላት ሳይከፈት ግማሹ መንገድ አለቀ።

አንድ ወንድ አንዲት ሴትን ራት ይጋብዛታል። እሷ ፈገግ ብላ «አይል ቴክ አ ሬይን ቼክ» ትላለች። «ሬይን» ዝናብ፣ «ቼክ» ደግሞ ቼክ። ምን ዓይነት የዝናብ ቼክ ነው የምትወስደው? ይህን ትታችሁ ሰውዬውን እዩት። ትንሽ ቅር ይለዋል። ከዚያ «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ ይሄዳል። አለቀ። በትህትና «ዛሬ አልችልም፣ ለሌላ ቀን ይሁንልን» ብላዋለች። ነገሩ የመጣው ከቤዝቦል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ፣ ትኬት የገዛው ተመልካች በሌላ ቀን የሚገባበት ወረቀት ይሰጠው ነበር።

ሌላም አለ። የሠርግ ቀን ነው፣ ሙሽራው የለም። አንዱ «ሂ ጎት ኮልድ ፊት» ይላል። እግሩ ቀዘቀዘ እንደማለት። ነገር ግን ካልሲ ይዞ የሮጠለት የለም። ሚዜው ደንግጦ ሊፈልገው ይወጣል፣ የሙሽራዋ እናት ታለቅሳለች። ሙሽራው ወኔው ከድቶታል።

ዘዴዋ የማትሠራበት አንድ ቦታ አለ። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር፣ ሮቦት ወይም ሕፃን ልጅ ያለበት ኮሜዲ ከሆነ ተጠንቀቁ። እዚያ ቀልዱ ራሱ ፈሊጡን ቃል በቃል መውሰድ ነው። አንዱ «ብሬክ አ ሌግ» ሲል ሮቦቱ የሰው እግር ለመስበር ይነሳል። ሐረጉ ለተዋንያን «ይቅናህ» ተብሎ የሚነገር መሆኑን ካላወቅን ሌላው ሲስቅ እኛ ግራ ገብቶን እንቀመጣለን።

ትንንሾቹ ቃላት ለምን ይበጠብጡናል?

ስለ ፈሊጥ ሲወራ ሁሉም ባልዲውንና ድመቱን ያነሳል። በፊልም ደጋግመን የምንሰማው ግን ሌላ ነው። እንደ «ጊቭ»፣ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ሜክ» ያለ ተራ ግስ ከ«አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኦቨር» ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ነው።

«ጊቭ» ሰጠ ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ ቆረጠ፣ ተወው። «ጊቭ ኢን» ተሸንፎ እሺ አለ። «ጊቭ አወይ» አጋለጠ ሊሆን ይችላል። ግሱ ያው አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው።

ይህን ለመረዳት «አለ» የሚለውን የራሳችንን ቃል አስቡት። «አለ» ተናገረ ማለት ነው። ታዲያ «ቁጭ አለ» ውስጥ ማን ተናገረ? «ብድግ አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «እልም አለ» ውስጥስ? የባሰው ደግሞ «ዝም አለ» ነው። እዚያ ሰውዬው ጭራሽ አልተናገረም! እኛ ይህን ቆም ብለን አስበን አናውቅም። «ቁጭ» እና «አለ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም «ጊቭ» እና «አፕ»ን የሚያያቸው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ «አፕ» ወደ ላይ ነው፣ «ኦፍ» ደግሞ ማጥፋት ነው እያሉ መቀመር ብዙ አያስኬድም። ጥንዱን እንዳለ መያዝ ይሻላል። «ኖክ ኢት ኦፍ» ተው፣ አቁም። «ሃንግ ኢን ዜር» በርታ፣ አይዞህ። «ፑት አፕ ዊዝ» ቻለ፣ ታገሠ። አንዳንዱ ጥንድ ደግሞ ብዙ ፊት አለው። «ሜካፕ» ስንል መኳኳያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ስለተጣሉ ጓደኞች «ዜይ ሜድ አፕ» ከተባለ ታርቀዋል። «ሺ ሜድ ኢት አፕ» ከተባለ ደግሞ ወሬውን ፈጥራ ነው ያወራችው።

ለምን ከነጭራሹ አይሰማኝም?

አንዳንዴ ትርጉሙ ጋ መቼ ደረስን? ቃሉ ራሱ አልተሰማንም።

ፊደላችን ያስለመደን ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ፊደል ተራውን ሰጥተን እናነባለን። እንግሊዝኛ እንዲህ አያደርግም። አንዱን ድምፅ ጫን ብሎ ይናገርና ዙሪያውን ያለውን ይውጠዋል። «ጎይንግ ቱ» በንግግር «ጎና» ይሆናል። «ዋንት ቱ» «ዋና»፣ «ሌት ሚ» «ሌሚ»፣ «ዲድ ዩ» «ዲጁ»። አሜሪካኖች ደግሞ በሁለት አናባቢ መሀል ያለውን «ት» ያለሰልሱታል። ለኛ ጆሮ «ር» ይመስላል። እንዲህ ሆኖ «ጌት ኦቨር ኢት» የሚለው፣ ማለትም «በቃ እርሳው»፣ «ጌሮቨሪት» ተብሎ ይደርሰናል። «ጌት አውት ኦፍ ሂር» «ጌራውራሂር»፣ «ሌት ኢት ጎ» «ሌሪጎ» ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ፊደላችን ይጠቅመናል። አዲስ ፈሊጥ ስትይዙ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ብቻ አትመዝግቡት። ጆሯችሁ የሰማውን በአማርኛ ፊደል ጻፉት። «ጌሮቨሪት» ብሎ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ፊልም ይሰማዋል። ሦስት ቃል አድርጎ የጻፈው ግን ሦስቱን ለየብቻ ሲጠብቅ ያልፈዋል።

ኳስ፣ መርከብና ፍርድ ቤት ለምን በዙ?

ሕዝብ ፈሊጥ የሚያወጣው ከሚያዘወትረው ነገር ነው። እኛ «በራሱ ግብ ላይ አገባ» ስንል የእግር ኳሱ ስዕል ወዲያው ይመጣልናል። የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ግን ኳሱ ቤዝቦል ነው። ጨዋታውን ካላወቅነው ስዕሉ አይመጣም። ለምሳሌ መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል። ስለዚህ ሴት ሊተዋወቅ ሄዶ አፍሮ ለተመለሰ ወንድ «ሂ ስትራክ አውት» ይባላል፣ አልተሳካለትም ለማለት። «አ ቦልፓርክ ፊገር» ደግሞ የግምት ቁጥር ነው። አለቃው «ቦልፓርክ ፊገር ስጠኝ» ካለ ልቅም ያለ ሒሳብ አልፈለገም።

ከቦክስ የመጣው «ስሮው ኢን ዘ ታወል» ነው። ቦክሰኛው ሲጎዳ አሠልጣኙ ውድድሩ እንዲቆም ፎጣ ወደ ሜዳው ይወረውራል። ተሸነፍኩ፣ በቃኝ ማለት ነው። «ቢሎው ዘ ቤልት» የሚለውም ከዚያው ነው። ከቀበቶ በታች መምታት በቦክስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በጠብ መሀል የሰው ቁስል የሚነካ ንግግር እንዲህ ይባላል።

የካርታ ጨዋታም የራሱን አዋጥቷል። በፖከር ካርታ የማደል ተራ የደረሰው ሰው ፊት «በክ» የሚባል ምልክት ይቀመጥ ነበር። ማደል ያልፈለገ ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል። «ፓስ ዘ በክ» ኃላፊነትን ወደ ሌላ መግፋት የሆነው ከዚህ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጠረጴዛቸው ላይ «ዘ በክ ስቶፕስ ሂር» የሚል ጽሑፍ ነበራቸው፤ ኃላፊነቱ እኔ ጋ ያበቃል ለማለት። «በክ» ዶላር ማለትም ስለሆነ ግን ይህችን መጀመሪያ የሰማ ሰው ስለ ገንዘብ የተወራ ይመስለዋል።

እንግሊዞች ደግሞ ባሕረኞች ነበሩ። «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ማለት ክፉኛ ሰክሯል ማለት ነው። እኔ ሦስት አንሶላ ነፋስ ላይ ሲውለበለብ ነበር የታየኝ። ለካ በመርከበኞች ቋንቋ «ሺት» ሸራውን የሚይዘው ገመድ ነው። ገመዶቹ ሲፈቱ ሸራው ይንቀዋለላል፣ መርከቡም እንደ ሰካራም ይወላገዳል።

የወንጀል ፊልም ከሆነ ሕጉን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። «አይ ፕሊድ ዘ ፊፍዝ» የሚለው ሰው አምስተኛውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ እየጠቀሰ ነው። ማሻሻያው በ1791 የጸደቀ ሲሆን ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። ሚስት «ኬኩን ማን ጨረሰው?» ስትል ባል ይህን ከመለሰ ግን ፍርድ ቤት የለም። «አልናገርም» እያለ ነው፤ ማለትም በልቶታል። ፖሊስ ካቴና እያስገባ የሚደረድራት «ዝም የማለት መብት አለህ» የምትለው ንግግርም በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚራንዳ በሚባለው ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ የመጣች ናት። ሁሉም ፊልም ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነችው ለዚህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ጥቂቶቹ በነፃ ይመጣሉ። «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» የግድግዳው ጽሑፍ ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5፣ ማኔ ቴቄል ፋሬስ። በፊልም «የግድግዳውን ጽሑፍ አየሁ» የሚል ነጋዴ ክስረቱ ከፊቱ ታይቶታል። «ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» ከኢሳይያስ 40፥15 የመጣ ነው፤ ከብዙ ነገር ውስጥ ኢምንት ማለት ነው። ይህ ባልዲ ከሟቹ ባልዲ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

ሲኒማ ራሱም አንድ ሰጥቷል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የብዙ ፊልሞች ጣፋጩ ክፍል ማሳደዱ ነበር። «ከት ቱ ዘ ቼዝ»፣ ማለትም ወደ ማሳደዱ ቁረጥ፣ የፊልም ሠሪዎች ቋንቋ ነበረ። ዛሬ «ወሬ አታብዛ፣ ዋናውን ንገረኝ» ነው።

ከሁሉም የምወዳት ግን የነጎድጓዷ ታሪክ ናት። ጆን ዴኒስ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት በ1709 ለንደን ውስጥ ለሚታየው ተውኔቱ አዲስ የነጎድጓድ ድምፅ ማውጫ ዘዴ ፈጠረ። ተውኔቱ አልተወደደለትምና ቶሎ ከመድረክ ወረደ። እንደሚተረከው ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቲያትር የሌላ ሰው ተውኔት ሊያይ ገባ። የሰማው የራሱን ነጎድጓድ ነው። ተነስቶ «ነጎድጓዴን ሰረቁኝ» ብሎ ጮኸ ይባላል። ዛሬ እህቷ የማርገዟን ዜና በሷ ሠርግ ቀን ያወጀችባት ሙሽራ «ሺ ስቶል ማይ ተንደር» ትላለች።

የፈሊጥ ታሪኮችን ሁሉ ማመን ይቻላል?

አይቻልም። ብዙዎቹ ደስ ስለሚሉ ብቻ የሚዘዋወሩ ናቸው። በ1999 በኢሜይል የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ፣ ድሮ ድመትና ውሻ የሣር ጣሪያ ውስጥ ይተኙ ስለነበር በዝናብ ጊዜ ተንሸራተው ይወድቁ ነበር፣ «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የመጣውም ከዚያ ነው ይላል። ፈጠራ ነው። «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» ከነሕይወታቸው የተቀበሩ ሰዎች ደወል ደውለው ከመዳናቸው የመጣ ነው የሚለውም እንዲሁ። እሱም የቦክስ ነው፤ ሊዘረር የተቃረበውን ቦክሰኛ የዙሩ ማብቂያ ደወል ሲያድነው። ታሪኩ በጣም ከጣፈጠ ጠርጥሩት።

ሲያሾፍ ነው ወይስ ከልቡ ነው?

ይህ ከቃል ይልቅ በድምፅ የሚለይ ነው። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ «ጎበዝ!» ሲባል ምስጋና እንዳልሆነ እናውቃለን። እንግሊዝኛውም ያው ነው። «ዬህ፣ ራይት» ቃሎቹ ሁለቱም እሺታ ናቸው። ቃሉ ተጎትቶ፣ ዓይን ወደ ላይ ተንከባሎ ሲባል ግን «አዎ፣ ሞኝህን ፈልግ» ነው። «ቢግ ዲል» ትልቅ ጉዳይ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ «እና ምን ይጠበስ?» ነው። «ናይስ ጎይንግ» መኪናውን ግድግዳ ላይ ላጋጨ ሰው ይባላል። «አር ዩ ፑሊንግ ማይ ሌግ?» ያለ ሰው ደግሞ እግሩን የጎተተው የለም፤ «ሙድ እየያዝክብኝ ነው?» ብሎ ነው።

የብሪታንያና የአሜሪካ ልዩነትም እዚህ ላይ ያስቸግራል። አሜሪካዊ ሥራችሁን «ኳይት ጉድ» ካለው ደስ ይበላችሁ። እንግሊዛዊ ከሆነ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ብቻ ሊሆን ይችላል። በፖለቲካ ፊልም ደግሞ «ቴብል» የሚለው ግስ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ጉዳዩን ለውይይት ማቅረብ፣ አሜሪካ ውስጥ ውይይቱን ማቆየት ነው።

የግርጌ ጽሑፉስ አይበቃም?

ይረዳል፣ ግን ውስንነቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ ባወጣው መመሪያ ጽሑፉ ከሁለት መስመር፣ አንዱ መስመር ደግሞ ከ42 ፊደልና ምልክት አይበልጥም። አንዱ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚቆየው ቢበዛ 7 ሰከንድ ነው። በዚህች ቦታ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ፈሊጡን ሊያብራራ አይችልም። አንድም የራሱን ቋንቋ ፈሊጥ ይተካል፣ አንድም ትርጉሙን ብቻ በአጭሩ ይነግረናል። «ባይት ዘ ቡሌት» የሚለውን «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» ብሎ የመለሰ ጎበዝ ተርጓሚ ጥይቱን ጥሎ ጥርሱን አስቀረ። ትክክል ነው። ነገር ግን ከጽሑፉ ተነስቶ እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ጥይቱ የት እንደገባ ግራ ይገባዋል። ማሽን ብቻ የተረጎመው ከሆነ ደግሞ «ሹት» «ተኩስ» ሆኖ ቢወጣ አይግረማችሁ።

ለመማር ለሚያይ ሰው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ድምፅ ማየት ይሻላል። የከበዳችሁን ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። ሙሉውን ፊልም ግን በየደቂቃው እያቆማችሁ አታሰቃዩት፤ ፊልሙንም እንግሊዝኛውንም ያስጠላችኋል። ስትፈልጉ አንዷን ቃል ብቻ አትፈልጉ። «ቢንስ» ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ባቄላ ነው። «ስፒል ዘ ቢንስ» ብላችሁ ስትፈልጉ ነው ምስጢር መዘክዘክ የሚመጣው።

እኔ ራሴ ብጠቀምባቸውስ?

መረዳትና መናገር ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ ነገር ፈሊጥ አይነካካም። «ውሃ በላው» የሚለውን «ውሃ አኘከው» ብንለው እንደማይሆን ሁሉ «ኪክ ዘ በኬት» ላይም ባልዲው በሌላ ዕቃ ሲተካ ሞት ይቀርና ተራ እርግጫ ይሆናል። አንዳንዶቹ ላላ ይላሉ። «ዘ ቢንስ ወር ስፒልድ» ቢባል ያስኬዳል፣ ባቄላው ምስጢሩን፣ መድፋቱ ማውጣቱን ይወክላልና። ባልዲው ግን ምንም አይወክልም።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ፊልም ፈሊጡን ያስተምራል እንጂ ለማን እንደማይባል አይነግርም። «ኪክ ዘ በኬት» ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1785 ባሳተመው የባለጌ ቃላት መዝገበ ቃላት ውስጥ ሞተ ተብሎ ተፈትቷል። ከየት ሰፈር እንደመጣ ከዚህ ይገባችኋል። በአማርኛ «ክንችር አለ» እንደማለት ነው። አንድ የማውቀው ሰው የውጭ አገር ባልደረባው አባት ሲሞቱበት የሐዘን መልእክት ሲጽፍ ይህችን ከፊልም የለቀማትን ፈሊጥ ሊያስገባት ነበር፣ እንግሊዝኛው እንዲያምርለት። ከመላኩ በፊት ለሌላ ሰው አሳየው። ባልዲው ወጥቶ «ፓስድ አወይ» ገባ፣ አረፉ ማለት ነው።